የወረዳችን ገንዘብ የት ይገባል? ስለ በጀት፣ ስለ ብክነትና ስለ ሙስና ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደጀን እስከ መራዊ ባሉ ወረዳዎች በስብሰባ፣ በዕድርና በገበያ መሐል የሚነሡ ጥያቄዎችን እዚህ ሰብስበናል። መልሱ የተጻፈው ለሒሳብ ባለሙያ ሳይሆን ግብሩን ከፍሎ ውጤቱን ለሚጠብቅ ሰው ነው። «ለምሳሌ» ያልንባቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተነሡ ናቸው፤ የአንድ ወረዳ ሒሳብ አይደሉም።

«የመንግሥት ገንዘብ» የሚባለው የማን ነው?

የእርስዎ ነው። አራሹ የገጠር መሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይከፍላል። ነጋዴው የንግድ ሥራ ግብር ይከፍላል። ከግብር መዝገብ ስሙ የሌለ ሰው እንኳ ቆርቆሮ ሲገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከዋጋው ጋር ይከፍላል። መንግሥት ከውጭ የሚበደረውም ቢሆን ቆይቶ የሚከፈለው ከዚሁ ኪስ ነው።

ጎጃም ይህን ጥያቄ ዛሬ አልጀመረውም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም በዚያው ሰበብ ከሥልጣናቸው ወረዱ። ያኔ የጠቡ ምክንያት ከግብሩ መጠን ይልቅ አለመተማመን ነበር። ግብር ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደሚውል ካላየ ዛሬም ያው ነው።

ገንዘቡ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እንዴት ይደርሳል?

የፌዴራሉን በጀት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። በጀቱ በአራት ይከፈላል፤ መደበኛ ወጪ (ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ)፣ ካፒታል ወጪ (ግንባታና ቋሚ ዕቃ)፣ ለክልሎች የሚሰጥ ድጋፍና ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ። ለ2017 በጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ 451.3 ቢሊዮኑ ለመደበኛ፣ 283.2 ቢሊዮኑ ለካፒታል፣ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች፣ 14 ቢሊዮኑ ለዘላቂ ልማት ግቦች ተመደበ። ከመቶው ብር 23 ያህሉ ብቻ ወደ ክልሎች ወረደ ማለት ነው።

ክልሎች ድርሻቸውን የሚያገኙት የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። የአማራ ክልል የደረሰውን ድርሻ ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ጋር ደምሮ የክልል ቢሮዎቹን ያስተዳድርበታል፤ ለወረዳዎችም በጥቅል ያከፋፍላል። ለወረዳ በጥቅል መስጠት የተጀመረው በ1995 በጀት ዓመት ነው። ስለዚህ ትምህርት ስንት፣ ውኃ ስንት፣ ግብርና ስንት ይመደብለት የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚሰጠው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ብዙ ሰው አቤቱታውን ይዞ ባሕር ዳር ይሄዳል። የተመደበው ገንዘብ አነሰ ከሆነ ነገሩ ልክ ነው፤ የተመደበው ለምን ለዚህ ሳይሆን ለዚያ ዋለ ከሆነ ግን ጠያቂው መሄድ ያለበት እዚያው ወረዳው አፈ ጉባኤ ዘንድ ነው።

በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ሐሳብ መስጠት እችላለሁ? መቼ?

ይችላሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የሕዝብ ውይይት የሚጠቅመው እህል ተወቅቶ ገበሬው እፎይ ሲል፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ መሥሪያ ቤቶቹ የቀጣዩን ዓመት ጥያቄ የሚያዘጋጁት ያን ጊዜ ነውና። በሰኔ ለውይይት ቢጠሩ ዕቅዱ በአብዛኛው አልቆ የተቀመጠ ነው። በዚያ ላይ አራሹ ሞፈር ላይ ስለሚውል አዳራሹን የሚሞላው የመንግሥት ሠራተኛው ይሆናል። ስለዚህ የቀበሌዎ ተወካይ ማን እንደሆነ ይወቁ፤ ጥያቄውንም በየካቲት ይንገሩት። «መንገድ ይሠራልን» ብሎ በደፈናው ከማለት ደግሞ «ከገበያው እስከ ጤና ኬላው ያለው 3 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለት ቦታ ቱቦ ይቀበርልን» ማለት ይሻላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ዋጋ ይወጣለታል፣ በጀት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በደፈናው የቀረበው ግን ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይቀራል።

«በጀት ተመድቧል» ይሉናል፤ ጤና ጣቢያው ግን ጓንት እንኳ የለውም። ተሰርቆ ነው?

ሊሰረቅ ይችላል። ነገር ግን ከሌብነት በፊት የሚመረመር ሌላ ነገር አለ፤ አመዳደቡ ራሱ። ይህን ሳይለዩ «በሉት» ማለት ሌባውንም ነጻ ያወጣል፣ ያልሰረቀውንም ያስከፋል።

የወረዳ ወጪ በኮድ ይመዘገባል። በ61 የሚጀምረው የሠራተኛ ክፍያ ነው፤ 6111 ለምሳሌ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። በ62 የሚጀምረው ሥራ ማስኬጃ ሲሆን 6212 የቢሮ ዕቃ፣ 6214 የሕክምና ዕቃ፣ 6215 የትምህርት ዕቃ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል፣ 6244 የሕንጻ ጥገና ነው። በ63 የሚጀምረው ቋሚ ዕቃና ግንባታ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ወረዳ በጀት 200 ሚሊዮን ብር ይሁን። ከዚህ 85 በመቶው፣ ማለትም 170 ሚሊዮኑ በ61 ሥር ደመወዝ ሆኖ ይወጣል። ደመወዝ ብዙውን እጅ መውሰዱ በወረዳ ደረጃ የተለመደ ነው፤ መምህሩና ነርሷ ሳይከፈላቸው አይሠሩም። የቀረው 30 ሚሊዮን ለሃያ ያህል ጽሕፈት ቤት ሥራ ማስኬጃና ለግንባታ ይከፋፈላል። ለግንባታው 12 ሚሊዮን ቢወጣ ለሥራ ማስኬጃ 18 ሚሊዮን ይተርፋል። አሁን 6217ንና 6231ን ይደምሩ። ነዳጅና ውሎ አበል ተደምረው 11 ሚሊዮን ከደረሱ ለጓንት፣ ለጠመኔ፣ ለፓምፕ መለዋወጫና ለጣሪያ ጥገና በጠቅላላው የተረፈው 7 ሚሊዮን ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ አንድ ሳንቲም ላይሰረቅ ይችላል፤ ጓንቱ ግን የለም።

በኛ እምነት በጎጃም ወረዳዎች ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይኸው ነው። የእጅ ፓምፕ በአንድ የላስቲክ ቀለበት መበላሸት ምክንያት ቆሞ ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ፣ በዚያው ወር «የውኃ አስተዳደር ግንዛቤ» በሚል የሦስት ቀን ስብሰባ አበል ይከፈላል። የስብሰባው ሒሳብ በደረሰኝ የተደገፈ ስለሆነ ኦዲተር አይነቅፈውም። መንቀፍ ያለበት ምክር ቤቱ ነው፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የሚነቅፈው የመረጠው ሕዝብ ከጠየቀው ነው።

በማስታወቂያ ሰሌዳው የተለጠፈውን የበጀት ሠንጠረዥ እንዴት ላንብበው?

ወረዳዎች በጀትና ወጪያቸውን በሰሌዳ መለጠፍ የጀመሩት ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሥር በመጣው የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራር ነው። ከተለጠፈ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ፤ ያለፈው ዓመት ወረቀት ተለጥፎ የከረመበት ሰሌዳ ብዙ ነው። ከዚያ አራቱን ዓምዶች ያነጻጽሩ፤ የጸደቀ፣ የተስተካከለ፣ ወጪ የሆነ፣ ቀሪ።

«የተስተካከለ» የሚለው በዝውውር የተቀየረውን ያሳያል። የጤና ሥራ ማስኬጃ ሲጸድቅ 2 ሚሊዮን ሆኖ ሲስተካከል 1.2 ሚሊዮን ከሆነ፣ 800 ሺሁ ወደየት ተዛወረ? ማን ፈቀደ? ዝውውር በሕግ የሚፈቀድ ነገር ነው፤ ግን የፈቀደው አካል ደብዳቤ ሊኖር ይገባል፣ ከካፒታል አንሥቶ ለመደበኛ ወጪ ማዋልም የተገደበ ነው።

«ቀሪ» ትልቅ ሆኖ ካገኙት «ቆጥበዋል» ብለው አይደሰቱ። በሚያዝያ ወር የትምህርት ዕቃ በጀት ግማሹ ካልተነካ ልጆቹ ዓመቱን ያለ ዕቃ ጨርሰውታል ማለት ነው።

በሰኔ ግዥው ሁሉ የሚጣደፈው ለምንድን ነው?

ሰኔ 30 ያልዋለ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚመለስና «መጠቀም አልቻለም» የተባለ መሥሪያ ቤት ለቀጣዩ ዓመት የሚቀነስበት ስለሚመስለው። ጥድፊያው ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ዋጋ ሳይወዳደር፣ ዕቃው ሳይፈተሽ ይገዛል። ሁለተኛ፣ ግንባታው በክረምት ይገባል፤ በሰኔ ዝናብ የተሞላ አርማታ ውኃው ከልክ በላይ ሆኖ ይላላል። የግዥ ዕቅድ በመስከረም ተሠርቶ በየሩብ ዓመቱ ቢታይ ይህ ሁሉ አይመጣም። በኅዳር ወር «የግዥ ዕቅዱ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ በሰኔ ከመጮኽ ይሻላል።

ሌብነቱ በአብዛኛው የሚገባው በየት በኩል ነው?

በትልቅ ሻንጣ አይደለም። በትንንሽ ወረቀቶች በኩል ነው።

ነዳጅ። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 530። ሃርድ ቶፕ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 14 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ ለጉዞው ከ64 እስከ 74 ሊትር ይበቃዋል። ለዚህ ጉዞ 130 ሊትር ከተወራረደ የትርፉ ናፍጣ መንገድ መታወቅ አለበት። ማመሳከሪያው የመኪናው የጉዞ መዝገብ ነው፤ ሲወጣና ሲገባ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ይጻፍበታል። «ቆጣሪው ተበላሽቷል» የሚል መኪና ዓመት ሙሉ ሳይጠገን ከቀረ ያንኑ ራሱን ይመርምሩት።

ውሎ አበል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቦታ መስክ ላይ ይገኛል፤ ሦስት ቀን የዋለ ሥልጠና አምስት ቀን ተብሎ ይከፈላል፤ የተሳታፊ ፊርማ ሁሉ በአንድ እጅ የተጻፈ ይመስላል። የመስክ ሪፖርቱን፣ የሰዓት ፊርማውንና የክፍያ ሰነዱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው።

ፕሮፎርማ። ለአነስተኛ ግዥ ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ይሰበሰባል። ሦስቱን የሚሞላው አንድ ሰው ሲሆን ምልክቱ ይታያል፤ የቃሉ ስሕተት በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ የሁለቱ ተሸናፊዎች ዋጋ ከአሸናፊው ዋጋ ላይ እኩል መቶኛ ተጨምሮበት የወጣ ይሆናል፣ ከሦስቱ ሱቆች አንዱ ዕቃውን ጨርሶ የማይሸጥ ይሆናል። ከዚህ ጋር የሚሄደው ግዥ መከፋፈል ነው። ጨረታ እንዳይወጣ አንዱ ግዥ በሁለትና በሦስት ይቆረጣል፤ ቀናቱ ግን ተቀራራቢ፣ ሻጩም አንድ ነው።

ንብረት ክፍል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ሲወጣ በሞዴል 22። 200 ደስጣ ወረቀት ተገዛ ተብሎ ሞዴል 19 ተቆርጦ መጋዘኑ ውስጥ 120 ብቻ ከተራገፈ ቀሪውን 80 የበላው ቢሮው አይደለም። እዚህ ላይ ሌብነት የሚቻለው ግዥ፣ ንብረትና ሒሳብ ሦስቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። ሦስቱን ሥራ ለተለያየ ሰው መስጠት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። «ሠራተኛ ስላነሰን አንዱ ደርቦ ይያዝ» የሚባልበት ወረዳ በሩን ራሱ ከፍቶታል።

ደመወዝ ላይ ደግሞ የለቀቀ ወይም የሞተ ሠራተኛ ስም ከመክፈያ ዝርዝሩ ሳይወጣ መክረሙን ይከታተሉ። በትምህርት ዘርፍ ዝውውር ስለሚበዛ ይህ አደጋ ከሌላው ይበልጣል።

ትምህርት ቤት ወይም ድልድይ ሲሠራ እኔ መሐንዲስ ሳልሆን ምን ማየት እችላለሁ?

ብዙ ነገር። ውሉን ሲጠይቁ ቢያንስ እነዚህን ያውጡ፤ የሥራው ጠቅላላ ዋጋ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የፌሮው ውፍረት፣ የአርማታው ደረጃ፣ የቆርቆሮው ጌጅ (ውፍረት)።

ፌሮ። ውሉ 12 ሚሊ ሜትር ካለና ሜዳ ላይ 10 ከታሰረ ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ሚዛን ግን ይለየዋል። የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ሜትሩ 0.888 ኪሎ፣ የ10 ሚሊ ሜትሩ 0.617 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 12 ሜትሩን አንድ ፍሬ እንዳለ ቢያስመዝኑ የመጀመሪያው 10.7 ኪሎ ገደማ፣ ሁለተኛው 7.4 ኪሎ ገደማ ነው። በመቶ ፍሬ ከ3 ኩንታል በላይ ብረት ጠፋ ማለት ነው። የጠፋው ሕንጻው ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች ራስ በላይ ነው።

ሲሚንቶ። ሲ-25 የሚባለው አርማታ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይፈልጋል፤ በባለ 50 ኪሎ ከረጢት ከ7 ትንሽ ይበልጣል። ወርዱ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ዓምድ 0.27 ሜትር ኩብ ስለሆነ 97 ኪሎ፣ ሁለት ከረጢት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሲሚንቶ ይገባበታል። አሥር ዓምድ ሲሞላ ባዶ ከረጢቱን ቢቆጥሩ 19 ወይም 20 መሆን አለበት። 12 ካገኙ ሥራውን ለሚቆጣጠረው መሐንዲስ በዚያው ቀን ይንገሩ። ልስን ከተለሰነ በኋላ ማንም አያየውም። አሸዋና ጠጠሩ በመለኪያ ሳጥን ነው የሚሰፈረው፤ በካሪዮላ «በግምት» የሚደረግ ከሆነ ያ ራሱ ጥፋት ነው። አርማታው ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት እንዳለበትም አይርሱ።

የገንዘቡን መንገድ ደግሞ እንዲህ ይከታተሉ። ለምሳሌ ውሉ 4 ሚሊዮን ብር ቢሆን በተለመደው አሠራር የቅድሚያ ክፍያው ከ30 በመቶ፣ ከ1.2 ሚሊዮን አይበልጥም፣ እሱም ዋስትና ይያዝበታል። ተቋራጩ የሚያስይዘው የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ፣ 400 ሺህ ነው። ከየክፍያው 5 በመቶ መያዣ ሆኖ ይቀራል፤ በድምሩ 200 ሺህ ይሆናል። ጊዜያዊ ርክክብ ተደርጎ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ጉድለቱ ከታየ በኋላ የመጨረሻው ርክክብ ይፈጸማል። ብዙ የተሰነጠቀ ግድግዳ ተቋራጩ ሳይጠግነው የሚቀረው መያዣው ያለ ጊዜው ስለተለቀቀ ነው። ስለዚህ ስንጥቁን ባዩ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «መያዣው ተለቋል ወይ?» ይሁን።

የመዋጮ ገንዘብስ?

መዋጮ የሚሰበሰበው ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲወስን ነው፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ለምን ሥራ፣ ከእያንዳንዱ አባወራ ስንት፣ እስከ መቼ የሚለው ይጻፍበታል። ገንዘቡ በግለሰብ ስም ሳይሆን በኮሚቴ ስም በተከፈተና ቢያንስ ሁለት ፊርማ በሚያሻው የባንክ ሒሳብ ይገባል። ማዳበሪያ ሲከፋፈል፣ መታወቂያ ሲወጣ ወይም የመሬት ደብተር ሲታደስ «መጀመሪያ መዋጮህን ክፈል» ብሎ ማገድ ግን ፈቃደኝነቱን ያጠፋዋል።

ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ ተሰልቶ የሚመጣ ድጎማም አለው። የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ከሆኑ የተማሪውን ቁጥር ከድጎማው ጋር ያነጻጽሩ፤ በመዝገብ 900 ተማሪ፣ በክፍል 700 ተማሪ ከሆነ ለድጎማ ሲባል ቁጥር ተነፍቷል። የጤና መድን መዋጮም እንዲሁ ነው። ደቡብ አቸፈር በ2003 ዓ.ም. ይህ መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነበረ፤ ዛሬ በብዙ ወረዳ አለ። አባሉ በየዓመቱ የሚያዋጣው ገንዘብ ለጤና ተቋማቱ በወቅቱ ሳይከፈል ከቀረ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመለሰው ያው አባል ነው።

ከፍዬ ደረሰኝ ካልተሰጠኝ?

አይውጡ። የመንግሥት ገቢ መቀበያ ሞዴል 64 ወይም መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት ተከታታይ ቁጥር ያለው ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። በተራ ወረቀት የተጻፈ «ተቀብያለሁ» ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት መግባቱን አያረጋግጥም። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ከከፈሉት ጋር እኩል መሆኑን እዚያው ቆመው ያንብቡ፤ ማንበብ ካልቻሉ ልጅዎ ያንብብልዎ።

ጉቦ ካልሰጠሁ ጉዳዬ አይንቀሳቀስም። ሰጪው ይጠየቃል?

አዎ፣ በሙስና ወንጀሎች ዐዋጅ 881/2007 ተቀባዩም ሰጪውም ያጠፋሉ። «በእጅ ካልሄዱ በእግር አይኬድም» የሚለው አባባል ጉቦን የተለመደ አስመስሎታል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ደግሞ ሥልጣንን እንደ ማሳ፣ ዘመኑን እንደ መኸር ያደርገዋል። ሁለቱም በሕግ ፊት መከላከያ አይሆኑም። ሲጠየቁ ሳይሰጡ ቢጠቁሙ ይሻላል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃልና አጠገብ የነበረውን ሰው በዚያው ምሽት ይጻፉት።

መረጃ ልጠይቅ ብሄድ «አይመለከትህም» ይሉኛል።

ይመለከትዎታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት ነጻነትን ያውቃል። ዐዋጅ 590/2000 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ደብዳቤውን አጭር ያድርጉት። «ያለውን የበጀት መረጃ ሁሉ ስጡኝ» የሚል ጥያቄ ለመከልከል ይመቻል። «የ2017 በጀት ዓመት የጤና ጽሕፈት ቤት በኮድ 6214፣ 6217 እና 6231 የጸደቀውና እስከ መጋቢት 30 ወጪ የሆነው መጠን» የሚል ጥያቄ ግን በአንድ ገጽ ይመለሳል። በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱበት። ይህ ማኅተም ከሌለ 30 ቀኑ መቁጠር የጀመረበትን ቀን ማስረዳት አይችሉም። ከተከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያመልክቱ፤ እሱም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

ጥቆማ የት ልስጥ? ስሜ ቢወጣስ?

ለአማራ ክልል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለፖሊስ። በፌዴራል መሥሪያ ቤት የተፈጸመ ከሆነ ለፌዴራሉ ኮሚሽን፣ እሱም በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ዐዋጅ 699/2003 ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ እንዲደረግ ደንግጓል። ስምዎን ሳይገልጹ መጠቆም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን መርማሪው ተመልሶ ሊጠይቅዎ ስለማይችል ጥቆማው ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

የሚወድቅ ጥቆማ «ኃላፊው ሌባ ነው፣ ቤት ሠርቷል» የሚል ነው። የሚቆም ጥቆማ እንዲህ ያለ ነው፤ «የካቲት 12 ቀን በሞዴል 19 200 ደስጣ ወረቀት ገቢ ሆኗል፤ በዕለቱ ከመኪናው የወረደው 120 ነው፤ ሲወርድ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ ዕቃው የመጣበት መኪና ሰሌዳ ይህ ነው»። ያላዩትን አይጨምሩ። አንድ የተጋነነ ቃል እውነተኛውንም አብሮ ይጥላል፣ ንጹሕ ሰውንም ያጠፋል።

የሀብት ጥርጣሬ ብቻ ካለዎት ዐዋጅ 668/2002 ተሿሚዎችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ እንደሚያዝ ይወቁ፤ ምዝገባውን ማየት በጽሑፍ ይጠየቃል።

«ኦዲት ተደርጓል» ማለት ንጹሕ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ኦዲተር ናሙና ወስዶ ሰነዱን ያያል እንጂ እያንዳንዱን ከረጢት አይቆጥርም። ጥያቄው ኦዲት መደረጉ ላይ አያበቃም፤ ግኝቱ ምን ነበር? ምን እርምጃ ተወሰደ? ከሁሉ የሚደጋገመው ግኝት ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ ነው። ለጉዞ ወይም ለግዥ ቅድሚያ የተወሰደ ገንዘብ ሰነድ ሳይቀርብበት ዓመት ይከርማል፣ ሰውየው ይዛወራል፣ ዕዳው «ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ» ተብሎ ይቀራል። በምክር ቤት ጉባኤ ላይ «ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ተሰብሳቢ ስንት ነው? በስንት ሰው ስም?» የሚለውን አንድ ጥያቄ በየዓመቱ መደጋገም ብዙ ያስመልሳል።

የአገር ዕዳ ከጎጃም ገበሬ ጋር ምን አገናኘው?

ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ አበዳሪዎች የሚሸጥ የዕዳ ሰነድ፣ ሸጣ ነበር። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያው 33 ሚሊዮን ዶላር ከ1.9 ቢሊዮን ብር ያህል ወደ 3.3 ቢሊዮን ብር ወጣ። ማዳበሪያም በዶላር ስለሚገዛ በዚያው መንገድ ይወደዳል፤ መንግሥት ካልደጎመ ገበሬው ይከፍላል፣ ከደጎመ ደግሞ ከበጀቱ ይወጣል። ለ2018 የጸደቀው የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ቁጥሩ ለ2017 መጀመሪያ ላይ ከጸደቀው ወደ እጥፍ ገደማ አደገ ብሎ ከመደነቅ በፊት ከዚህ ለዕዳ ክፍያ የሄደውን መቀነስ፣ የቀረውንም በዛሬው የሲሚንቶና የናፍጣ ዋጋ መተመን ያስፈልጋል። በውጭ ብድር የሚሠራ ሥራ ሲታቀድ ዋናው ጥያቄ ዕዳውን የሚከፍል ገቢ ያመጣል ወይ የሚለው ነው።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በጸጥታው ምክንያት ተዘግቷል፣ ሰነድም ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

በእጅዎ ያለውን ወረቀት ያድኑ። የግብር ደረሰኝ፣ የመድን መታወቂያ፣ የመዋጮ ደረሰኝና የመሬት ደብተር በስልክ ፎቶ ይነሡ፤ ቁጥሩና ማኅተሙ በግልጽ መነበቡን ያረጋግጡ፣ አንድ ቅጂም በሌላ ከተማ ላለ የታመነ ዘመድ ይላኩ። የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ከሆኑ ቃለ ጉባኤውንና የባንክ ደብተሩን በአንድ ቤት አያስቀምጡ። ወረዳው ከሌላ ቦታ ሆኖ ክፍያ የሚቀበል ከሆነ ደረሰኙ ላይ የተቀባዩን ሙሉ ስምና ቀን ያስጽፉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት ድጋሚ ክፈሉ ቢባሉ የሚያሳዩት እሱን ነው።